ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሞላው ባትሪ

ሌባው ላፕቶፑን ወስዶ ቻርጀሩን ትቶት ሄዷል።

መርማሪው መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው። ገመዱ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ የእጅ ሰዓትና የወርቅ ቀለበት አሉ። ማንም አልነካቸውም። በሩም አልተሰበረም።

«ደግሞ ይሄ ምን ዓይነቱ ሌባ ነው?» አለ ለራሱ። ሠላሳ ዓመት ሌባ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ሥራ ለመጨረስ አይቸኩልም።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ካርታ ሠሪ ናቸው። ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ዕቃው እንኳ አሮጌ ነው» አሉ። «የጨነቀኝ ውስጡ ያለው ነው። ባለቤቴ ጉሮሮዋን ታማ ድምጿ ሲጠፋ የምትለኝን ሁሉ እዚያ ላይ ትጽፍልኝ ነበር። አራት ወር ሙሉ። ሌላ ቦታ የለም።»

«ምን ምን ትጽፍ ነበር?»

«መስኮቱን ክፈተው። ሹራብህን ገልብጠህ ለብሰሃል። እንዲህ ያለውን ነው። እሱን ሳነብ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል።»

«መቼ ጠፋ?»

«ትናንት፣ ቅዳሜ። ቅዳሜ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት መቃብሯ ጋ ነኝ። ስመለስ የለም።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ ቤት የምታጸዳልኝ ሴትዮ፣ ተከራዩ። ባለቤቴም ነበራት።»

መርማሪው ቻርጀሩን አነሳ። «ይሄንንስ ለምን ተወው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዝም ብለው ቢሰኩት አይሠራም። ከሦስት ወር በፊት ላፕቶፑ ከእጄ አምልጦ ወድቆ መሰኪያው ላላ። አሁን ከሥሩ ድጋፍ ገብቶ፣ ገመዱ ወደ ግራ ተይዞ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ ከግማሽ በላይ ሞልቶልኝ አያውቅም።»

«ይህን ዘዴ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ይመጣና ያውቃል?»

ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ቅዳሜ ግን ከመቃብር ስመለስ ሙሉ ሆኖ አገኘዋለሁ። ራሴ ሞልቼው ረስቼው ነው። እየጃጀሁ ነው መሰለኝ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

መርማሪው ይህችን ነገር ደብተሩ ላይ ጽፎ አሰመረባት።

የምታጸዳውን ሴት ጠየቀ።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ። ደግሞ ያንን ዕቃ እንኳን ሊያስነኩኝ አቧራውን አስጠርገውኝ አያውቁም!»

ተከራዩ ሰሞኑን ላፕቶፕ ይዞ ሲገባ ታይቷል። መርማሪው ደስ አለው። ተከራዩ ግን «የመሥሪያ ቤት ነው» ብሎ የተረከበበትን ወረቀት አወጣ። ደስታውን እዚያው ውሃ በላው።

የቀረችው የሽማግሌው አንድ ልጅ ናት። ስልክ ደወለላት።

«ከአባቴ ጋር አንነጋገርም» አለች። «እናቴ ስትታመም ሌላ ከተማ እየተማርኩ ነበር። ሕመሟን ደብቆኝ ከቀብር በኋላ ነው የነገረኝ። ዓመት አለፈው፤ እዚያ ቤት እግሬ አልረገጠም።»

ሰኞ መርማሪው ጥገና ቤቶችን ሲያስስ ዋለ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«በመልእክተኛ ነው የተላከልኝ» አለ ጠጋኙ። «መሰኪያው ይቀየር ተብሎ። መለዋወጫው ረቡዕ ይመጣል፤ ባለቤቱም ያኔ ይወስዳል።»

አብሮት የመጣው ወረቀት መጨረሻ ላይ «ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አደራ» ይላል። አደራ የሚል ሌባ መርማሪው አይቶ አያውቅም።

እስከ ረቡዕ መጠበቅ ይችል ነበር። ሽማግሌው ግን እህል እምቢ ብሏቸዋል። ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ከጠጋኙ ተቀብሎ ልጅቷን ጨምሮ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰባቸው።

«ባትሪው አልቋል። የጠፋው ይሄ መሆኑን ለማረጋገጥ መከፈት አለበት። እስቲ ሞክሩት» አለና ሽማግሌውን በዓይኑ ዝም አሰኛቸው።

ሴትዮዋ ሰካችው። ምንም የለም። ተከራዩ ነቅሎ ሰካው፣ እፍ አለበት፣ ደግሞ ነቀነቀው።

«ኧረ አትነቅንቀው፣ ይሰበራል!»

ልጅቷ ናት። አባቷን ላለማየት በሩ ጋ ቆማ ነበር። አሁን ወደ ጠረጴዛው መጣች። መሳቢያውን ሳታይ ሳበች። የክብሪት ቀፎ አውጥታ ከላፕቶፑ ጥግ ሥር ሸጎጠች፤ ገመዱን ወደ ግራ ያዘችው። ትንሿ መብራት በራች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«መሰኪያው የላላው ከሦስት ወር በፊት ነው» አለ መርማሪው። «ካልተያዘ የማይሞላ ባትሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚይዘው ሰው አለ ማለት ነው። መቼ መቼ ነው የምትመጪው?»

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። ብታነሳው መብራቷ ትጠፋለች።

«እሱ መቃብር ሲሄድ። የእማዬ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።»

መርማሪው ሴትዮዋንና ተከራዩን አመስግኖ አሰናበታቸው።

«እሷ የጻፈችውን ላነብ ነው የምመጣው» አለች ልጅቷ። «አንድ ቀን ‹ለልጄ እንዳትነግራት፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ማልልኝ› ትላለች። አባዬ፣ አንተ አይደለህማ! እሷ ናት። ለምን አልነገርከኝም?»

«ከእኔ ጋር ተጣልተሻል» አሉ ሽማግሌው። «ከሞተች እናትሽ ጋርም ልትጣዪ?»

ልጅቷ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«መሰኪያው እየባሰበት ሄደ። ጨርሶ ሳይሞት ላሠራው ብዬ ነው። ቻርጀሩን የተውኩት ሳትመለስ ቦታው ላደርሰው ብዬ ነበር፤ ጠጋኙ መለዋወጫ የለኝም አለ። ከዚያ ደግሞ በየትኛው ዓይኔ ልይህ?»

«ታዲያ ባትሪውን የምትሞዪው አንቺ ነሽ?»

«እያነበብኩ እይዘዋለሁ።»

«እኔ እኮ የጃጀሁ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

መርማሪው ደብተሩን አጠፈ። «እንግዲያው ለጠጋኙ ልመልስለት፤ ነገ ይሠራዋል።»

«ይቆይ» አሉ ሽማግሌው። ወንበር ጎትተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን እጇ ላይ ጫኑት። «ለጊዜው አንዳችን ስናነብ አንዳችን እንይዘዋለን።»

መርማሪው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። የሚቸኩልበት ቤት ስለሌለው ደረጃው ላይ ጥቂት ቆመ። ከውስጥ የልጅቷ ንባብ ይሰማል።

«ሹራብህን ገልብጠህ ለብሰሃል።»

«አሁን አስተካክለዋለሁ» አሉ ሽማግሌው።