ጫፉ ላይ የሚጠራ ስም

ራስ ደጀንን ማን እንደወጣው የጻፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ቤቴ ያለው መጽሐፍ መጀመሪያ ጫፉ ላይ የደረሱት ሁለት የውጭ አገር መኮንኖች ናቸው ይላል። ስማቸውም፣ ማዕረጋቸውም፣ የጫማቸው ዓይነት ሳይቀር ተጽፏል። መንገድ የመራቸው ግን «አንድ የአገሬው ሰው» ነው። አንድ! እናቱ ስም ያላወጣችለት ይመስል።

ይህን ንዴት ያስተማረኝ አገኘሁ ነው።

እኔ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አገኘሁ የበየዳ ልጅ ነው፤ ራስ ደጀን ላይ ቱሪስት ይመራ ነበር። ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀርበት ማጭድ ይዞ ቆላ ወረደ፤ ለአጨዳ ከደጋ ከሚመጡት ሳሉጎች ጋር የአባቴ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሥራ ገባ። ውሃ ሳደርስ መጽሐፉን እጄ ላይ አየው።

«የኔታ፣» አለኝ እየቀለደ፣ «ማን ወጣው ይላል?»

ነገርኩት።

«ታዲያ በቅሎውን ማን ጎተተላቸው? ቅድመ አያቴ እኮ ነው!»

«ማስረጃ አለህ?»

«አንቺስ ምን አለሽ? ወረቀት!»

ሳቅሁ። እሱ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ወዲያ ውሃ የማደርሰው እኔ ብቻ ሆንኩ።

የታሰረ ሰሊጥ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ተደጋግፎ ሲቆም ሂላ ይባላል። አገኘሁ ያቆመውን ሂላ ነፋስ አይጥለውም።

«እላይም ድንጋይ እንዲህ እንደረድራለን» አለኝ። «ጫፍ የደረሰ ሁሉ አንድ ያኖርና የሚወደውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የኛ መጽሐፍ እሱ ነው።»

«የኔን ትጠራለህ?»

«ከነአባትሽ! አጨዳው ሲያልቅ ሽማግሌ እልካለሁ። አንቺ ግን ቀድመሽ ለአባትሽ ስሜን ንገሪያቸው። ስሙን ላልሰሙት ሰው በራቸውን አይከፍቱም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ሳምንት አለፈ። ቀን እየመረጥኩ ነው እለው ነበር። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው።

አንድ ቀትር ላይ አባቴ ከትራክተሩ ወርደው ሂላው ጥላ ሥር አገኙን።

«ሠላማዊት! ይኼ ማነው?»

አገኘሁ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀ።

«ከሳሉጎቹ አንዱ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ውሃ ፈልጎ ነው።»

አንድ! እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ።

አገኘሁ የያዘውን ነዶ አሰረ፣ አቆመ፣ ደገፈው። በማግስቱ የለም። ስልኩም አይነሳም።

ለአባቴ ሙሉ ስሙን የነገርኳቸው ከሄደ በኋላ ነው። ተቆጡ፤ እኔም ተቆጣሁ። በዓመቱ፣ ጦርነቱ ቆሞ እንግዳ ሲመለስ፣ ጥር ላይ፣ ራስ ደጀን ወጣሁ። መሪዬ ስሜነህ የሚባል ሰው ነበር። ጫፉ ላይ ድንጋይ አቀበለኝ።

«የማንን ስም ትጠሪያለሽ?»

«አገኘሁ መለሰ!» ብዬ ጮህኩ።

ስሜነህ ደነገጠ። «አገኘሁን ታውቂዋለሽ እንዴ? ኅዳር ላይ እንግዳ ይዞ መጥቶ ነበር። ከሥር ያለችውን ይችን ድንጋይ ያኖራት እሱ ነው።»

«ማንን ጠራ?»

ስሜነህ አንገቱን አከከ።

«ማንንም አልጠራም። ‹የማን ናት?› ስለው ‹የአንዲት አስተማሪ› አለኝ።»