አንድ ሜትር ከሠላሳ አንድ

ሽማግሌው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ግንባሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ መነጽሩን በእጁ ይዞ ነበር። ያየው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን የሐኪሙ ወረቀት መጣ። የልብ መድኃኒቱ ከሚወስደው ስድስት እጥፍ ሆኖ ደሙ ውስጥ ተገኝቷል ይላል።

ወረቀቱ የደረሳት መርማሪ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ጠዋት እናቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ ቁርሷን አጉርሳ ነበር የወጣችው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ወደ ሟቹ ቤት ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። ጫማዋ ጠቧታል፤ ሙያዋም ከጠበባት ቆየት ብሏል።

«እስቲ መጀመሪያ ወንበር ስጡኝ» አለች በሩን ለከፈተችላት ሴት። «ጥያቄው ይደርሳል።»

ሴትዮዋ የሟቹ ልጅ ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከዓይኗ ሥር ግን ሃምሳ ይነበባል። ወንበር አምጥታ የሥራ ክፍሉን ከፈተችላት። ሽማግሌው የማተሚያ ቤት መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ መርከቦች ይሠራል፤ ግድግዳው ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው የሚመስል ትልቅ ሣጥን ተቀምጧል፤ ላስቲኩ አልተቀደደም። በሩ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ሣጥን አለ። በሁለቱም ላይ የተሣለው ያው የጃፓን የጦር መርከብ ነው፤ ያማቶ። በጠረጴዛው ርዝመት ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። መርማሪዋ ለካችው። አንድ ሜትር ከሠላሳ አንድ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትልቁ ርዝመት ነው። ሁለቱንም አስመጥቶ ሲመርጥ ነበር የሰነበተው። የመጨረሻዬ ነው አለኝ። ይህቺን መርከብ ልጨርስና ወንድምሽ ዘንድ እገባለሁ፣ አንቺም መንገድሽን ትሄጃለሽ አለኝ።»

«ወዴት ነው መንገድሽ?»

ልጅቱ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ጓደኛዬ ወደብ ከተማ ስፌት ቤት ከፍታለች። ለኔ አንድ የስፌት መኪና ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣለች። ስድስት ወር እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ግን ሌላ ሰው አስገባለሁ ብላኛለች።»

«ስንት ዓመት አስታመምሽው?»

«አሥራ አንድ።»

«የትኛውን መረጠ ታዲያ?»

«ትልቁን» አለች ልጅቱ ወዲያው። «ፕላስተሩን አያዩትም?»

መርማሪዋ ፕላስተሩን አየችው። ከዚያ ስለ ሻዩ ጠየቀች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው አስገብታለታለች። ኩባያውስ? ታጥቧል። መድኃኒቱስ? ብልቃጡ ወጥ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሽማግሌው የቀን የቀኑን በራሱ እጅ በሠራው ባለሰባት ክፍል ሣጥን ይወስዳል። የማክሰኞው ክፍል ባዶ ነው። ከረቡዕ እስከ እሑድ ያለው አልተነካም።

መርከቦቹን የሚያስመጣለት ባለሱቅ ታች ነው ያለው፣ መንገዱን ተሻግሮ። የትኛውን እንደመረጠ ስትጠይቀው ከሱቁ ሳይወጣ ነገሩን ዘረገፈው።

«ትንሹን ነዋ! ማክሰኞ ከምሳ በፊት ደውሎ ‹ና ትልቁን ውሰድልኝ› አለኝ። ወይ ጉድ፣ ያንን ሣጥን ሦስት ፎቅ ተሸክሜ የወጣሁት እኔ! ወገቤ እስካሁን አልዳነም። አሥር ሰዓት ላይ ሄጄ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ።»

«ተናደድክበት?»

«ተናደድኩ እንጂ! ግን ደንበኛዬ ነው፣ ሃያ ዓመት። ሰው በሣጥን ይገደላል እንዴ?»

ከሟቹ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖረውን ሽማግሌ ሰፈሩ «አድሚራሉ» ይለዋል። መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጎረቤቶች ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል።

«እውነት ነው፣ ተጣልተናል» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ትልቁ እኮ መድፉ ጣት ያህላል! አብረን እንሥራው፣ ሦስት ዓመት ቢፈጅ ምን አለበት አልኩት። እሱ ግን ትንሹን መረጠ። የትልቁን ርዝመት በፕላስተር ለክቼ አየሁት፣ ጠገብኩ አለኝ። ይታይዎት፣ ዕቃውን አጥቦ ጨርሶ ነበር።»

«ምኑን ነው የሚያጥበው?»

«ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አለው። በሳሙና ካልታጠበ ቀለም አይዝም። በረንዳው ላይ ፎጣ ሸፍኖ አስጥቶታል። የሚመልሱትን ዕቃ የሚያጥብ ሰው የለም፤ አጥቦት ሳይ ነው ነገሩ እንዳለቀ የገባኝ። ከዚያ አኩርፌው ወጣሁ።» አፍንጫውን ጠረገ። «እንዳኮረፍኩት ቀረ።»

መርማሪዋ ባለሱቁንና አድሚራሉን ይዛ ተመለሰች። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ሦስቱን አስቀምጣ እሷም ተቀመጠች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እግሬ አልቋል» አለች። «ቶሎ እንጨርሰው። ሐኪሙ ምናልባት ራሱ ወስዶት ይሆናል ብሏል። አይደለም። ሊሞት የፈለገ ሰው ለነገ ሥራ ዕቃ አያጥብም። ተሳስቶ ይሆን? እሱም አይደለም፤ የሚወስደውን በቀን በቀን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ነው፣ ከመድኃኒት ሣጥኑም ከማክሰኞው በላይ አልጎደለም። ትርፉ የመጣው ወጥ ቤት ካለው ብልቃጥ ነው። ተፈጭቶ ሻይ ውስጥ ገብቷል።»

ባለሱቁ «እኔ ወጥ ቤታቸውን አላውቀውም!» አለ።

«አውቃለሁ፤ ተረጋጋ። አንተ የጎዳኸው ወገብህን ነው። እርስዎም አባቴ፣ መርከቡን አብሮዎት የሚሠራ ሰው ፈለጉ እንጂ የሚቀበር አልፈለጉም።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ሦስታችሁንም አንድ ነገር ነው የጠየቅኋችሁ። የትኛውን መረጠ? ሁለቱ ትንሹን አሉ። አንቺ ብቻ ትልቁን አልሽ። በዚህ ቤት ትልቁ መመረጡ ሕይወቱን የሚያበላሽበት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። የምታለቅስበት ጉልበት እንኳ ያላት አትመስልም።

«ሦስት ዓመት» አለች። «ምሳውን ሳስገባ ፕላስተሩን አየሁት። ትልቁ ጠረጴዛው ላይ፣ ትንሹ በሩ አጠገብ፣ ሊመለስ። ይንገረኝ ብዬ ቆምኩ። ‹አስቀምጪው› ብቻ አለኝ። እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም። ደክሞኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደከመኝ ሰለቸኝ አላልኩም፤ ሌላ ሦስት ግን አልቻልኩም።»

መርማሪዋ ተነስታ በባዶ እግሯ እስከ በሩ ሄደች። ትንሹን ሣጥን አንስታ በልጅቱ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ልጅቱ ሣጥኑን ያዘችው። ከፍ፣ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ክዳኑን ገልጣ ውስጡን አየች።

«ባዶ ነው» አለች።

«ትልቁ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ባለሱቁ እስኪወስደው ነው» አለች መርማሪዋ፤ የበረንዳውን በር ከፍታም ፎጣውን ገፈፈችው። የትንሿ መርከብ ግራጫ ብልቶች ታጥበው፣ በየረድፋቸው ተደርድረው ደርቀዋል።

አድሚራሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ማታ ሲደርቅ ነው የምነግራት ብሎኝ ነበር። አምጥቼ እጇ ላይ አስቀምጬ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ያ ግትር! ምን አለ ቀን ቢነግርሽ!»

ልጅቱ ባዶውን ሣጥን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«በስንት ጊዜ ይጨርሳት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አድሚራሉ መርማሪዋን አየ፤ እሷም ዓይኗን ሰበረች።

«በሱ እጅ... አራት ወር» አለ።

«አራት» አለች ልጅቱ። በጣቷ የምትቆጥር ይመስል እጇን አየች። «ስድስት ነበር እኮ የሰጠችኝ።»

ፖሊሶቹ ደረጃውን እስኪወጡ መርማሪዋ ወደ በረንዳው ወጣች። ጫማዋን መልሳ ለማድረግ ሞክራ አልገባ አላት። ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ዛሬ አንተ እናታችን ጋ እደር» አለችው። ወንድሟ ስለ ሥራው መናገር ጀመረ። «አይደለም፣ አልጠየቅኩህም» አለችው። «ዛሬ አንተ እደር። ነገም አንተ።»