ያልተበረረው ሃያ ደቂቃ

ሁሉም «ጋሽ ብሎን» የሚሏቸው አዛውንት መካኒክ በአውሮፕላን መጠገኛው ወለል ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን በመፍቻ ተመትተዋል። ሬሳውን ያገኘው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ ፖሊሶች እጁን በካቴና አስረው የመርማሪዋን ቃል ይጠባበቃሉ።

«ትናንት ተጣልታችኋል» አለችው መርማሪዋ።

«ከሳቸው ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ አሳዩኝ! ከመፍቻቸው ጋር እንኳ ይሟገቱ ነበር» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

የበረራ ተቆጣጣሪው ዓይኖች ቀልተዋል። «ጋሽ ብሎን ጠዋት አንድ ከአምስት ላይ ደወሉልኝ። ‹ካፒቴኑ ሄደ?› አሉ። ‹አንድ ሰዓት ላይ ተነስቷል ጋሼ› አልኳቸው።  ከዚያ የእርምጃ ድምፅ ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ። ያ እርምጃ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

«አውሮፕላኑ ሲነሳ አይተኸዋል?»

«ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመታኝ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ካፒቴኑ በሬዲዮ ‹ተነስቻለሁ› ሲለኝ እመዘግባለሁ።»

«የሞተሩ ድምፅስ?»

«እዚህ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲፈተሽ ነው የሚውለው። ማን ይለየዋል?»

ካፒቴኑ በአነስተኛዋ የፖስታ አውሮፕላን ወደ ሌላ ከተማ ደብዳቤ አድርሶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። መዝገቡ ላይ መነሻ አንድ ሰዓት፣ ማረፊያ ሁለት ሰዓት ይላል። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አውሮፕላን አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

«ነፋሱ ከፊት ገፋኝ፤ መንገዱን በሙሉ ታገለኝ» አለ።

መርማሪዋ ወደዚያኛው ማረፊያ ደውላ የጭነት ሠራተኛውን አነጋገረች።

«በላያችን አልፋ ሄደች፣ ዞራ ተመለሰችና አረፈች።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ኧረ አይደለም እህቴ! ነፋሱ ከኋላዋ ሲመጣ ነው እንጂ፣ አለዚያማ ቀጥ ብላ ነው የምታርፈው።»

አመሻሹ ላይ ሁሉንም መጠገኛው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟች ባለቤትም መጡ፤ ሬሳው በወደቀበት ወለል ላይ የተሠመረውን የኖራ መስመር ላለመርገጥ ዞረው አለፉ።

«አውሮፕላን የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ዞሮ ያረፈው ነፋሱ ከኋላው ስለነበረ ነው። ከኋላ የገፋው ነፋስ ጉዞውን ከአርባ ደቂቃ በታች ያሳጥርለታል እንጂ ስድሳ አያደርስበትም። ስለዚህ ቢያንስ ሃያው ደቂቃ በአየር ላይ አላለፈም። ካፒቴኑ በሬዲዮ ‹ተነስቻለሁ› ሲል መሬት ላይ ነበር። መጋረጃው እንደሚዘጋ ያውቃል። አውሮፕላኑን ከዚህ መጠገኛ ጀርባ አቁሞ ገባ፤ ተቆጣጣሪው በስልኩ የሰማው የእሱን እርምጃ ነው። ካቴናውን ፍቱለት።»

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እጆቹን እያሻሸ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ካፒቴኑ ወለሉን እያየ ተናገረ፤ «ባለፈው ሳምንት አውሮፕላኗን ክፉኛ አሳርፌ ጉዳቷን ደበቅኩ። እሳቸው ደረሱበት። ሪፖርቱ ዛሬ ቢላክ ፈቃዴን እነጠቅ ነበር።»

ባለቤታቸው ቀረብ አሉ። «መጨረሻ ላይ ምን ብሎህ ነበር?»

«ይቅርብዎ እማማ።»

«ንገረኝ።»

ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፈነ። «‹ክንፏ ተሰንጥቋል፤ ትገድልሃለች፣ እንዳትበርባት ልጄ› አሉኝ። ሊሄዱ ጀርባቸውን ሰጡኝ። እዚያ እስክደርስ፣ መንገዱን ሙሉ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው ደጋግመው ሲሉኝ ነበር።»