አዲሱን ቨርዥን ማን አጠፋው?

ሙሽራዋ የስቱዲዮውን በር ገፍታ ስትገባ፣ የሠርጓ ፎቶዎች የውሃ ሽታ ሆነዋል። እሷ ግን ገና አልሰማችም።

«አባዬን ከሰዓት በኋላ ሊያስገቡት ነው» አለች ሳትቀመጥ። «የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ስጨፍር የተነሣሁትን ሳላይ አልገባም ብሏል። አንዲት ፎቶ ብቻ ስጡኝ፣ በሩጫ ልሂድ።»

ሠርጓ እሑድ ነበር። አባትየው ሐኪሞቹን ለምነው ቀጠሮውን ከሠርጉ በኋላ አስደርገውታል። እሑድ ዕለት ኮታቸውን አውልቀው ጨፈሩ። ሰኞ ሆስፒታል ገቡ። ዛሬ ረቡዕ ነው።



ኮምፒዩተሩ ፊት የቆመችው ፎቶ የምታስተካክለው ልጅ ናት። ብጉርም ሽብሽብም ከእጇ አያመልጥምና በስቱዲዮው «ብሩሼ» ነው የሚሏት። ዛሬ ብሩሼ መቀመጥ እንኳ አቅቷታል። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ማከማቻው ሊከፈት አልቻለም።»

ማከማቻ የሚሉት የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ፎቶ ሁሉ የሚያጭቅበት አንድ ትልቅ ፋይል ነው። የዘንድሮ ሠርግ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። የካሜራው ካርዶች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ውለዋል።

«በላችው!» አሉ ባለ ስቱዲዮው ከጀርባ። «አትንኪው አልኳት፤ በላችው።»

እጃቸው የሚጠቁመው ግድግዳውን ነው። በትልልቅ ፊደል «በሠርግ ወቅት አፕዴት ማድረግ ክልክል ነው» ይላል። ጽሑፉ የራሳቸው፣ ፕላስተሩም የራሳቸው።

ሙሽራዋ ግራ ገብቷት ሁለቱን ታፈራርቃለች። በዚህ መሐል በሩ እንደገና ተከፈተና አንዲት ደልደል ያለች ሴት ገባች። መታወቂያዋን አሳየች። ሳጅን ናት፤ ወንጀል ምርመራ።

ሳጅኗ የመጣችው በሌላ ጉዳይ ነበር። ዘንድሮ ከየሠርግ አዳራሹ የስጦታ ሣጥን እየጠፋ ፖሊስን አሰልችቷል። እሑድ ከዚህችው ሙሽራ ሠርግም ጠፍቷል፤ ውስጡ አባቷ ከእጃቸው ፈትተው ለአማቻቸው ያኖሩት ሰዓት ነበረበት። ሳጅኗ ከፎቶዎቹ መሐል የሆነ ፍንጭ አገኝ ይሆናል ብላ ነው። እና ፎቶዎቹ ልትመጣ በዋዜማው ጠፉ። ይህ ነገር ጨርሶ አልጣማትም።

ከኪሷ የከረሜላ ከረጢት አወጣች። ሲጋራ ካቆመች ወዲህ ከረሜላ ከእጇ አይጠፋም፤ የምትጠይቀውንም ሰው መጀመሪያ ትጋብዛለች። አፍ ሲሞላ መዋሸት አይመችም ባይ ናት።

«እንቺ፣ ብዪ» አለቻት ብሩሼን። «ምን ሆነ?»

«አዲሱን ቨርዥን ሰኞ ጠዋት ጫንኩት።» ብሩሼ ከረሜላውን በጉንጯ ያዘች። «ሳላስፈቅድ ነው፣ አልክድም። ጋሼ አዲስ ካሜራ ገዙ፤ አዲሱ ካሜራ ያነሣውን ደግሞ የድሮው ቨርዥን አያነብም። እሳቸው ካሜራ ሲቀይሩ እኔ ፕሮግራም ካልቀየርኩ በምን ልሥራ? ሰኞና ማክሰኞ ስሠራበት ዋልኩ። የአባቷን ጭፈራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዛሬ ስገባ አዲሱ የለም። የድሮው ቦታው ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።»

«ራሱ ተመልሶ ይሆናላ።»

«ፕሮግራም ራሱን አፕዴት ያደርግ ይሆናል። ራሱን ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ሰው ነው ያጠፋው።»

ባለ ስቱዲዮው በአፍንጫቸው ሳቁ። «ሰበብ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ልትል ነው።»

ሳጅኗ ዙሪያዋን አየች። መደርደሪያው ላይ ካሜራ አለ። ሌንስ አለ። የመኪና ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ ተደርድሯል። ምንም አልተነካም።

«ይህን ሁሉ ዕቃ ትቶ አፕዴት ብቻ የሚወስድ ሌባ?» አለች። «እኔ እንደዚህ ያለ ሌባ ገጥሞኝ አያውቅም።» ዓይኗ በርቷል። ሥራዋን የወደደችበት ቀን ነው።

በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ።

«ማን ሞተ?» አለ የገባው ሰው። «ወይስ ጋሼ ደመወዝ ሊጨምሩ ነው?»

ሙሽራዋ በዚያ ሁሉ ጭንቀቷ ውስጥ ፈገግ አለች። የስቱዲዮው ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ ቅጽል ስሙ ሳቅበሉ። ሠርጉ ሲደምቅ ወንበር ላይ ይወጣና «ሁላችሁም ወደ እኔ! ሳቅ በሉ!» ይላል። ቀጥሎ የሚናገረውን ቀልድ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ የማይስቅም ግን የለም። ስቱዲዮውን መርጠው የሚመጡ ሙሽሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ለእሱ ሲሉ ነው።

የሆነውን ሲነግሩት ፊቱ ጠቆረ። ድንጋጤው የእውነት ነበር፤ ሳጅኗ ይህን በልቧ ያዘች።

«የአባትየውም ጠፋ?» አለ።

«ሁሉም» አለች ብሩሼ።

ሳጅኗ ወደ ደጅ ብቅ ብላ ዘበኛውን አነጋገረችና ወደ ባለ ስቱዲዮው ተመለሰች። ከረሜላ ዘረጋችላቸው። «ቁልፍ ያላችሁ ሦስት ናችሁ። ዘበኛው ትናንት ከሥራ በኋላ እርስዎ ተመልሰው ሲገቡ አይቻለሁ ብሎኛል።»

ሰውየው ከረሜላውን አልተቀበሉም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው።

«ጋሼ?» አለች ብሩሼ።

«እሺ፣ መጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ላጠፋው ነው የመጣሁት። እልህ ያዘኝ። የእኔን ቃል ግድግዳ ላይ እያነበበች ስትረግጠው ምን ልሁን? ግን ስደርስ ኮምፒዩተሩ ክፍት ነው፣ አዲሱም ጠፍቷል። የድሮው ነው ያለው። ልብ ገዝታ መለሰችው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

«ጠዋት ለምን አልተናገሩም?»

«ፎቶው ጠፋ ሲባል ፈራኋ። እኔ ነኝ የምትሉኝ መሰለኝ።»

«አሁንም ልንል እንችላለን» አለች ሳጅኗ። «ፕሮግራም እንዴት ነው የሚጠፋው? እስኪ ያሳዩኝ።»

ባለ ስቱዲዮው ማውሱን ያዙ። በአንድ ጣት ትንሽ ጎተት ጎተት አደረጉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «ብሩሼ፣ ነይ ክፈቺልኝ» አሉ። ሳጅኗ ሳቋን ዋጠችና ከተጠርጣሪነት ሰረዘቻቸው።

የሙሽራዋ ስልክ ጮኸ። አዳምጣ ዘጋችው። «ተራው ቀረበ አሉኝ» አለች።

ሳጅኗ መቀመጫ ስባ ከብሩሼ አጠገብ ተቀመጠች። «ማን ነው የሚለውን እንተወው። ለምን? አዲሱ የሚያውቀው፣ የድሮው ግን የማያውቀው ነገር ምንድን ነው?»

«ይፈጥናል። አዲሱን ካሜራ ያነባል። ጀርባ ይቆርጣል...»

«ሌላ?»

«ፊት ይለያል። ፎቶዎቹን ራሱ ያይና የአንድን ሰው ፊት ከየቦታው ለቅሞ አንድ ላይ ያስቀምጣል...» ብሩሼ ከረሜላዋን ነከሰች። ከረሜላው ተሰበረ፤ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። «ትናንት ምሳ ላይ ቀልጄ ነበር! አንድ ሰውዬ አገኘልን፣ በየሠርጉ አለ፣ ከእኛ ይበልጥ ይጠራል፣ የቋሚ ደንበኛ ቅናሽ ይገባዋል አልኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ብሩሼ ለሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ የሰማው ሰው ግን ምሳው አልወረደለትም።

«አዲሱን መልሺው» አለች ሳጅኗ።

«እንዳትነኪው!» ባለ ስቱዲዮው ናቸው።

«ጋሼ እውነታቸውን ነው» አለ ሳቅበሉ፣ ወደ ሙሽራዋ እየተጠጋ። «እህቴ፣ የተጎዳ ፋይል ላይ ሌላ ነገር ሲጫንበት ጭራሽ ይደመሰሳል። ባለሙያ ጋ እንውሰደው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ይወጣል። ለአባትሽ ስል ነው።»

ሙሽራዋ ብሩሼን አየቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ማከማቻው አልተጎዳም ብዬ ነው የማስበው» አለች ብሩሼ። «አዲሱ ሲገባ ማከማቻውን በራሱ መልክ ቀይሮታል። የድሮው ያንን መልክ ማንበብ አይችልም። ግምት ነው እንጂ... መማል አልችልም። ተሳስቼ ከሆነ ሁሉም ይሄዳል።»

«አባዬ ነገን አልጠየቀኝም» አለች ሙሽራዋ። «አድርጊው።»

ብሩሼ ተጫነችው።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ተሳበች። ግማሽ ላይ ቆመች። ባለ ስቱዲዮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መስመሯ ነፍስ ዘራችና ቀጠለች፤ ሞላች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ነጭ ሆኖ ቆየ። ብሩሼ ትንፋሿን ይዛለች።

ከዚያ ፎቶዎቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ፈንዲሻ እየተንጣጡ ስክሪኑን ሞሉት። ብሩሼ ጮኸች። ባለ ስቱዲዮው ግንባሯን ሳሟት። ክልክል ያለውን ወረቀት ረስተውታል።

አባትየው መሐል ላይ ናቸው። ኮታቸው በአንድ እጃቸው በአየር ላይ፣ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቶ ይስቃሉ። ሙሽራዋ እያለቀሰች ሳቀች። ፎቶው ከማተሚያው ሲወጣ ገና ትኩስ ነበር። ይዛው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ሮጠች።

«አሁን ሰውዬውን» አለች ሳጅኗ።

ብሩሼ «ፊቶች» የሚለውን ነካች። ሰውየው ወጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጢሙን በወጉ የተላጨ፣ ማንም ሊጠረጥረው የማይችል። አሥር ሠርግ፣ አሥር ክራቫት። ሁልጊዜ ከስጦታው ጠረጴዛ አጠገብ ነው።

ሳጅኗ ግን ሰውየውን አላየችም። ዙሪያውን ነው ያየችው።

«እነዚህ ሰዎች ሁሉ ወዴት ነው የሚያዩት?»

እውነቷን ነው። በየፎቶው አዳራሹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ይስቃል። ሙሽሮቹ፣ አስተናጋጆቹ፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሣጥኑ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ብሩሼ ፎቶውን ጎተት አደረገችው። ሁሉም የሚያዩት ቦታ ላይ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል።



«ትናንት ስትቀልጂ ማን ማን ሳቀ?» አለች ሳጅኗ።

«ጋሼ ሳቁ።» ብሩሼ ዞር ብላ ሳቅበሉን አየችው። «አንተ ግን አልሳቅህም። አመመህ እንዴ ብዬህ ነበር። ስወጣም ባትሪ ልሙላ ብለህ ቀረህ።»

«ዘበኛውን ማን ገባ ብዬ ነው የጠየቅኩት» አለች ሳጅኗ። «ማን ቀረ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰውዬው ማነው?»

ሳቅበሉ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«የሚስቴ ወንድም ነው። እኔ አስቃለሁ፣ እሱ ሣጥኑን ያነሣል።» ወለሉን ነው የሚያየው። «ፎቶ ላጠፋ አላሰብኩም። አዲሱን ባጠፋው ፊቶቹን ይረሳል፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል ብዬ ነው። የሽማግሌውን ፎቶ ይወስዳል ብዬ... አላወቅኩም።»

«ምን ጎደለህ?» አሉ ባለ ስቱዲዮው። ቁጣቸው ጠፍቶ እንባ ቀርቧቸዋል። «እንደ ልጄ አይደለም ወይ የያዝኩህ?»

«አሥር ዓመት አሳቅኩልዎት። አልበሙ ላይ የማን ስም አለ? የእርስዎ! አንድም ሙሽራ ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም። እርስዎም ራስዎ ሳቅበሉ ነው የሚሉኝ። የራሴን ስቱዲዮ እከፍታለሁ፣ ስሜን በሩ ላይ እጽፋለሁ አልኩ።»

ሳጅኗ ይህን ዓይነት ሰበብ ስትሰማ ኖራለች። ካቴናውን ልታወጣ ስትል የብሩሼ ስልክ ጮኸ። ሙሽራዋ ናት። ብሩሼ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ደረስኩ! አየው! ይኸው አባዬ ሊያናግራችሁ ይፈልጋል።»

ከስልኩ ውስጥ የደከመ፣ ግን የደስ ደስ ያለው ድምፅ መጣ።

«ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ጥርሴ ወላቃ ነውና በሕይወቴ አፌን ከፍቼ ተነሥቼ አላውቅም። ይኼ ወንበር ላይ የወጣው ልጅ ነው ጉድ የሠራኝ። በደህና ከወጣሁ ልመርቀው እፈልጋለሁ። ማን ልበል? ስሙ ማነው?»

ሳጅኗ ስልኩን አንሥታ ለሳቅበሉ ዘረጋችለት።

«ይጠብቁሃል» አለች። «ሊያስገቧቸው ነው።»

ሰውየው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። አፉን ከፈተ፤ ቀልድ አልመጣለትም። ከዚያ ስሙን ነገራቸው፤ ከነአባቱ። ባለ ስቱዲዮው የአባቱን ስም ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ።

«ስምህን ያዝኩት፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ስልኩ ተዘጋ።

ሳቅበሉ ስልኩን ለብሩሼ መለሰላትና ሳይጠየቅ እጆቹን ለሳጅኗ ዘረጋ።

«ሰዓታቸው አልተሸጠም» አለ። «የሚስቴ ወንድም እጁ ላይ አስሮታል። ከቀዶ ሕክምናው ሳይወጡ እናድርስላቸው።»

ሳጅኗ ካቴናውን አሰረችለትና ከረሜላ ሰጠችው። አብረው ወጡ።