ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ሌባዋ እናትየው ናት። ይኸው ተናገርኩት፤ ሆዴ አልችል አለ። የምታሳድዳት ፖሊስ ደግሞ የገዛ ልጇ ናት። ማን እንደሰረቀ ማወቃችሁ ምንም አይቀንስባችሁም፣ ጉዱ ያለው ለምን የሚለው ላይ ነው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ኤልደርሞር የምትባል የእንግሊዝ ከተማ። የድሮው የወረዳ ምክር ቤት ሕንፃ። ምክር ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።

የመስታወቱ ሳጥን ተከፍቷል። የብር ዋንጫው አለ። የሊቀመንበሩ የወርቅ ሰንሰለት አለ። ሰኞ እስከ ቀትር የነበረው ባለሦስት ማዕዘኑ ጥቁር ባርኔጣ ግን የለም።

"ወርቁን ትቶ ባርኔጣ?" አለች ኮንስታብል ጄማ ፒንደር።

"ጭንቅላቱን የበረደው ሌባ ይሆናላ" አለ ክላይቭ፣ የሕንፃው ጠባቂ። "ለነገሩ ዓርብ ሙዚየም ሊወስደው ነበር። ገበሩን አውጥተው ያጥቡታል ተብሎ ደብዳቤ መጥቷል።"

ጄማ አልሳቀችም። እነሱ ቤት ያ ባርኔጣ ስሙ አይነሳም።

ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት አባቷ ትሬቨር ለወረዳው ምክር ቤት ተወዳድሮ ነበር። ተፎካካሪው ሮናልድ ክሬስዌል የሚባል ሰው ነው። ድምፁ ሦስቴ ተቆጠረ፤ ሦስቴም አራት መቶ አሥራ ሁለት ለአራት መቶ አሥራ ሁለት። እንዲህ ሲሆን ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላል። የሁለቱ ስም በሁለት ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጣጥፎ፣ ባርኔጣው ውስጥ ገባ። አስመራጩ አንዷን አወጣ። ክሬስዌል። በዚያች አንድ ወንበር የክሬስዌል ፓርቲ ምክር ቤቱን ያዘ፤ እስኪፈርስ ድረስም አልለቀቀም።

ትሬቨር ከዚያ ወዲህ ሎተሪ ቆርጦ አያውቅም። ቢንጎ እንኳ አይጫወትም። "ዕጣ እኔን አትወደኝም" ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚለው፣ ግን የምሩን ነው። አሁን ልቡ ታሟል። ሐኪሙ "ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ይወጣሉ" ሲለው፣ "እኔ ከአራቱ ነኝ" ብሎ ፎርሙን ሳይፈርም ይዞት መጣ። እስከ ዓርብ ካልፈረመ ተራው ያልፈዋል።

እንግዲህ ጄማ ማንን እንደጠረጠረች ገምቱ። የክሬስዌልን ልጅ ነዋ። ጁልያን አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ባርኔጣውን ሁለቴ ሽጡልኝ ብሎ ጠይቋል።

"ሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ሱቄ።"

"ማን አየህ?"

"ማንም። ሱቄን አይተሽው የለ? ዝንብም አይገባበት።"

"ባርኔጣውን ትፈልገው ነበር።"

"የአባቴ ማስታወሻ ነዋ። አንቺ ግን ሌባ ነው የምትፈልጊው ወይስ የአባትሽን ቂም ልትወጪ ነው የመጣሽው?"

የጄማ ጆሮ ጋለ። እሱ ቢሆንላት ደስ ይላት ነበር፤ ማፈሯም ለዚያ ነው። ያም ሆኖ ሱቁን ከላይ እስከ ታች አስፈተሸችው። ምንም አልተገኘም። ጎረቤቶቹ ግን በር ላይ ቆመው አዩት።

ሐሙስ ጠዋት ክላይቭ ደወለ።

"ባርኔጣው ተገኘ። ቀዩ የፖስታ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሏል።"

የከተማው ሴቶች ለጌጥ ብለው በክር የሠሯቸው ጥንቸሎች እዚያ ሳጥን አናት ላይ ተደርድረዋል። እነሱ ላይ ነው የተደፋው። ጄማ ገለበጠችው። የገበሩ ቅዳጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ አዲስ ነው። ደቃቅ፣ ጥብቅ ያለ ስፌት፣ በአረንጓዴ ክር።

ቀስ ብላ ወደ እግሯ አየች። ያለፈው ሳምንት እናቷ የደንብ ልብስ ሱሪዋን አሳጥራላት ነበር። ጥቁር ክር አልቆ፣ "ማን ያየዋል" ብላ በአረንጓዴ ሰፋችው። ያው ክር። ያው ስፌት።

እናቷ ሎሬይን ደግሞ ሰኞ ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱን በነፃ ታግዛለች። የሳጥኑ ቁልፍ እዚያው፣ ከምትቀመጥበት ጀርባ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ቤት ስትደርስ እናትየው ድንች እየላጠች ነው።

"እማ፣ ጥቁር ክር ግዢ።"

ቢላው ቆመ።

"አባትሽ ጓሮ ነው። ቀስ ብለሽ አውሪ።"

"ለምን?"

"ያኔ ምክር ቤቱ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የዕጣውን ወረቀቶች የጻፍኩት እኔ ነኝ።" ድንቹን አስቀመጠች። "ሁለቱም ላይ ክሬስዌል ብዬ።"

ጄማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የተሸነፈውን ወረቀት ማንም ከፍቶ አያይማ። አንዷ ስትነበብ ሌላዋን በገበሩ ቅዳጅ ውስጥ ወተፍኳት። ባርኔጣው ያኔውኑ ተቆለፈበት። ማንም አይነካውም ብዬ ተውኩት፤ እጥበት ሲባል ነው የደነገጥኩት።"

"ክሬስዌልን ነበር የምትፈልጊው?"

"ክሬስዌልን ማየትም አልወድ። ድምፄንስ የሰጠሁት ለአባትሽ ነው።"

"እንዴ። ታዲያ?"

"እኔና አባትሽ ሦስት ጊዜ አብረን ወጥተን ቺፕስ በልተናል፤ መጀማመራችንን ማንም አያውቅም። ካሸነፈ ቀጥሎ ፓርላማ ነው፣ ለንደን ነው ይሉ ነበር። ለንደን ከሄደ እኔን የት ያስታውሰኛል?" በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። "የዚያን ዕለት መጥቶ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። በመስከረም ተጋባን። ይኸው ሠላሳ ሰባት ዓመት ዕጣ ጠላችኝ ይላል፤ ዕጣዋ እኔ ነኝ፣ ድንች እየላጥኩለት።"

"ወረቀቷን ለምን አላቃጠልሻትም?"

"ማስረጃውንም አጥፍቼ ሁለቴ ልበድለው?"

ከአዝራር ጣሳዋ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻት። ቢጫ የሆነች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት። ክሬስዌል፣ በእናቷ የወጣትነት እጅ ጽሑፍ።

የጓሮው በር ተከፈተ። ጄማ ወረቀቷን ኪሷ ከተተች። ሳታስበው ነው፤ እጇ ብቻውን ነው የሄደው። በዚያች ደቂቃ እሷም ሌባ ሆነች።

"እህ፣ ሌባው ተያዘ?" አለ ትሬቨር፣ ጭቃ እጁን እያራገፈ።

"ባርኔጣው ተመለሰ፣ አባ።"

"እድለኛ ነው። ዕጣ የጠላችው እኔን ብቻ ነው።" ሳቀ፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጠረውና ጠረጴዛውን ያዘ። ጣቶቹ ያረፉት ያልተፈረመው ፎርም ላይ ነው።

እናትየው ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ውኃው ይፈሳል፤ አንድም ድንች አታጥብም።

ወረቀቷን ብታሳየው፣ ዕጣ ጠልታው እንደማታውቅ ያውቃል፤ ይፈርማል። ግን እናትየውን ከተቀየማት፣ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጁን የምትይዘው ማን ናት? ካላሳየችው ደግሞ ነገ ዓርብ ነው። ጁልያንም እስካሁን ይቅርታ የጠየቀው የለም።

እኔ ሁለት ቀን አስቤ አልመጣልኝም። እናንተ ጄማን ብትሆኑ፣ ወረቀቷን ከኪሳችሁ ታወጧት ነበር?