ሀጀራ ለምን አትደውልም?

«ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ራስህ ሳበው» አለች ሳቢሪን።

ዑመይር ተረከዙን የታጠፈ ፎጣ ላይ አሳርፎ ወደ ራሱ ጎተተው። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ታጠፈ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ወይኔ!» ብሎ ሊያቆም ከቃጣ በኋላ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ።

«ጎበዝ! አየህ፣ ከትናንቱ ይበልጣል።»

«ለሀጀራ ትነግሪያታለሽ?»

ሳቢሪን ፎጣውን አስተካከለች። ፎጣው ምንም አልሆነም ነበር። «እነግራታለሁ።»

«ለእኔ ግን ለምን አትደውልም?»

«ሆስፒታል ውስጥ ስልክ አይፈቀድም አላልኩህም? አቦ አታካብድ፣ በል እግርህን ዘርጋ።»

ውሸቱ ሳታስበው አፏ ላይ መምጣት ጀምሯል። ይህ ደግሞ ከውሸቱ በላይ ያስፈራታል።

ሀጀራ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ አልነበረችም። ቡታጅራ፣ ከከተማው ዳር ባለው የመቃብር ስፍራ ካረፈች ሁለት ወር አልፏታል። በግማሽ ዓመቱ እረፍት ከወንድሟ ጋር ቆሼ ከተማ፣ አያቶቻቸው ዘንድ ሰንብተው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ። እሷ እዚያው አለፈች። የስምንት ዓመቱ ዑመይር የጭኑ አጥንት ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ሲነቃ እህቱ ተቀብራለች። «ሀጀራስ?» ብሎ ሲጠይቅ አባቱ ጋሼ ጀማሉ የመጣላቸውን ተናገሩ፤ «ለተሻለ ሕክምና አዲስ አበባ ተወስዳለች።»

ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል የሚመልስ ጠፋ። መጀመሪያ ትንሽ ይጠንክር ተባለ፤ ቀጥሎ ጀሶው ይፈታ፤ ከዚያ ደግሞ ቆሞ ይሂድ። መርዶው እንዲሁ ከቀን ወደ ቀን እየተገፋ ሰነበተ። ለቅሶው የተቀመጠው አጎታቸው ቤት ነበር። ጎረቤት ሲጠይቅ ፊቱን ጠራርጎ ነው በሩን የሚያንኳኳው። የሀጀራ ዩኒፎርም እንኳ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ቢነሳ ዑመይር «የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። እናቱ ሃሊማ እንባዋ ሲመጣባት ጓሮ ወጥታ ቧንቧ ትከፍታለች። በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰም ቧንቧው አይዘጋም።

ሳቢሪን የሃሊማ እህት ልጅ ናት። ከሀጀራ ጋር እኩያ ናቸው፤ ዘጠነኛ ክፍልን በአንድ ዴስክ ነበር የጀመሩት። አሁን ዴስኩ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አክስቷ ቤት ትመጣለች። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትርሲት ያሳየቻትን እንቅስቃሴ ከዑመይር ጋር የምትሠራው እሷ ናት። እናቱ ልጇ ሲያምመው ማየት አትችልም፤ «ይበቃዋል፣ ተይው» ትላለች።

የሚያሳዝነው ደግሞ ልጁ የበረታው በውሸቱ ነበር። «በክራንች እስከ ውጭው በር ከደረስክ አባትህ አዲስ አበባ ይወስዱሃል» ብላዋለች ሳቢሪን፣ አንድ ቀን አልነሳም ብሎ ሲያስቸግራት። ከዚያ በኋላ ለምኑኝ አላለም። በመጀመሪያ እስከ ሳሎን፣ ከዚያ እስከ በረንዳ ደረሰ። ትርሲት አይታው «አንተ ልጅ ኳስ መጫወትህ ነው!» ብላ ሳቀች። ሃሊማም የዚያን ቀን ሳቀች።

ውጭው በር ጋ በደረሰ ማግስት ግን ሳቢሪን ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ተነስ እንጂ። ምን ሆነሃል?»

«ደበረኝ።»

«አመመህ?»

 ሳቢሪን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከግድግዳው ሳይዞር፣ «አባዬ አዲስ አበባ አይወስደኝም። እሷ አታምጡት ብላ ነው» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አውቃለሁ። ተቀይማኛለች።» ድምፁ ቀጠነ። «መኪናው ውስጥ መስኮት ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ አቃጠለኝ ብዬ አለቀስኩባት። ከዚያ ቀይሪኝ ብዬ... እሷ ወደ መስኮቱ ሄደች። "ነዝናዛ ነህ፣ ሁለተኛ ካንተ ጋር አልሄድም" አለችኝ። በእኔ ምክንያት ነው የተጎዳችው። ለዚያ ነው የማትደውለው።»

ሳቢሪን እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ዑመይር ዞረ። «አልተቀየመችህም፣ ትደውላለች በይ። ወላሂ በይ።»

ወላሂ ማለት አልቻለችም። «ውሃ ላምጣልህ» ብላ ወጣች።

ጓሮ ሃሊማን አገኘቻት። «አልነሳም አለሽ?» አለች አክስቷ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳቢሪንን ሳታያት፣ «ስልክሽ ላይ ድምጿ አለ አይደል? ትልክልሽ የነበረው። አንዱን ብታሰሚው... ዛሬ የላከችው ነው ብትይው። ትንሽ ቢጽናና ይነሳ ነበር» አለች።

ሳቢሪን «እሺ» ያለችው አክስቷን እንቢ ማለት ስለከበዳት ነው።

ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ሀጀራ በአደጋው ዋዜማ ከቆሼ በቴሌግራም የላከችው የድምፅ መልእክት እስከዚያ ቀን ድረስ ተመልሳ አልሰማችውም ነበር። አሁን ከፈተችው።

«ሳቢዬ! ነገ ከሰዓት እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ፣ እሺ? ብዙ የማወራሽ ወሬ አለ፤ በስልክ አይሆንም። ደግሞ የሒሳቡን አሳይመንት ጨርሰሽ ጠብቂኝ፣ አንድም አልነካሁትም!» ከዚያ ሳቅ። አለቀ።

ከሀጀራ ሞት በኋላ አክስቷ ፊት እንዳታለቅስ፣ ዑመይር ፊት እንዳታለቅስ፣ ክፍል ውስጥ እንዳታለቅስ ስትጠነቀቅ ኖራለች። አሁን ትራሱን አፏ ላይ ይዛ እስኪደክማት አለቀሰች። ዑመይር ይህን ቢሰማ ነገ ከሰዓት ውጭው በር ጋ ቆሞ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ከነገ ወዲያም ይጠብቃል።

በማግስቱ አክስቷን ፈልጋ ያገኘቻት ቧንቧው ጋ ነው። «አክስቴ፣ አላሰማውም» አለች።

የሃሊማ ፊት ተለወጠ። «አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ፤ ይሄኛው እንኳ ይቁምልኝ! አንቺ የእናት አንጀት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ሳቢሪን፤ እንባዋ ቀደማት። «ግን ዑመይር ሀጀራ የተቀየመችው ይመስለዋል። ቦታ ስላስለወጥኳት ተቀይማኝ ነው የማትደውለው ይላል። ማታ ማታ ብቻውን ይህንን ሲያስብ ነው የሚያድረው። እኛ አልነገርነውም እንጂ እሱስ በራሱ ላይ ፈርዷል።»

ሃሊማ ቦታ መቀያየራቸውን አታውቅም ነበር። እጇ ቧንቧው ላይ እንዳለ ቀረ። ቆይታ ውሃውን ዘጋችውና የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

«ይህን ሲሰማስ እኔ ገደልኳት አይልም?» አለች በሹክሹክታ።

 «ሊል ይችላል» አለች ሳቢሪን። «ቢልም አጠገቡ እንሆናለን።»

ሃሊማ ደውላላቸው ጋሼ ጀማሉ የበርበሬ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አልጋው ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እጅ ያዙ። ሁለት ጊዜ ጀምረው አቆሙ። በሦስተኛው፣ «ዑመይር፣ አባትህ ዋሽቶሃል። ሀጀራን አላህ ወስዷታል። ያኔውኑ፣ መንገድ ላይ» አሉ።

ልጁ አላለቀሰም። አባቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ሳቢሪንን ረጅም ጊዜ አያት።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትሞት ተናዳብኝ ነበር?»

 ጋሼ ጀማሉ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ከተቀያየራችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?» አለች ሳቢሪን።

ዑመይር አሰበ። «ብርቱካን ላጠችልኝ። ከዚያ እንቅልፌ መጣ። ትከሻዬ ላይ ተኛ አለችኝ።»

«የተናደደ ሰው እንደዚያ ያደርጋል?»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሃሊማ አልጋው ላይ ወጥታ ደረቷ ውስጥ ሸሸገችው። በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች። ጎረቤቶቹ ሰምተው መጡ፤ ፊታቸውን የጠረገ ግን አልነበረም።

ዑመይር ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከአልጋው አልወረደም። እግሩን ማንም እንዲነካው አልፈለገም። «እኔ ባልነዘንዛት ኖሮ» ይላል ድንገት፣ ምግብ ሲቀርብለት ወይም ዝናብ ሲጀምር። አባቱ የፈነዳው ጎማው እንደሆነ ደጋግመው ይነግሩታል። አንዳንድ ቀን ያምናቸዋል፤ አንዳንድ ቀን አያምናቸውም። ትርሲት ጉልበቱን አይታ ወደ ኋላ ተመልሷል አለች። ሳቢሪን ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት መጣች። ሙግቱን አልረታችም፤ አልተረታችም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ዑመይር ጠራት።

«ማታ ክፍሉ ይከብደኛል» አለ። ወዲያ ማዶ፣ በሌላው ግድግዳ ስር፣ የሀጀራ አልጋ አለ። ማንም አልተቀመጠበትም፤ አንሶላው እንኳ ያኔ እንደተነጠፈ ነው። «እዚያ ማንም የለም።»

ሳቢሪን በሩ ላይ ቆማ አልጋውን አየችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ትምህርት እስኪዘጋ አክስቴ ጋ ልሁን። የነገ ልብሴንና ደብተሮቼን ላኪልኝ።»

ጫማዋን አወለቀች። የሀጀራን አልጋ ልብስ ገለጥ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ዑመይር አዙራ ተኛች።