ማሸነፍ እምቢ ያለው ላስቲክ

ስንዱ ጠዋት ቤተ ሙከራዋ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ ላስቲኮቹን ቁርስ ታበላለች። ምግባቸው የስኳር ውሃ ነው፤ በማንጠባጠቢያ ትሰጣቸዋለች። ወንጭፍ ሆዳም ነው፤ ጠብታው ገና ሳያርፍበት ይመጠዋል። ሙጭጭ ቀስ ብሎ ይበላል። እንዝርት ደግሞ ቀብጧል፤ በመዳፍ ካልደባበሱት አይነካውም። አዳማ ውስጥ በዚህ የሚገረም ሰው የለም። ሕያው ላስቲክ፣ ማለትም እንደ ተክል የሚያድግ፣ ሲቧጨርም ራሱን የሚጠግን የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ልባስ፣ ከተለመደ ቆይቷል። የሚያስገርም ነገር ቢኖር ስንዱ እነሱን አጥግባ የራሷን ቁርስ መርሳቷ ብቻ ነው።

በዚያን ቀንማ ጭራሽ ምግብ የሚባል ነገር ትዝም አላላት። ንጋት የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለስምንት ዓመት ጉዞ ልትነሳ ነው። ተሳፋሪዎቹ የሚጫወቱት ነገር ካጡ እርስ በርስ ይበላላሉ ብለው ሐኪሞች ስለፈሩ የቴኒስ ጠረጴዛ ተፈቅዶላቸዋል። ተራ ላስቲክ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሱቅ የለም። ስለዚህ ሕያው ላስቲክ መጫን አለበት፤ ቦታ ያለው ግን ለአንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሙጭጭ ከጅማ፣ ወንጭፍ ከድሬዳዋ ለፈተናው መጥተው እሷ ዘንድ ሰንብተዋል። እንዝርት የስንዱ ነው፤ ከጥፍር ከማትበልጥ ቁራጭ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ጎሳዬ የመንኮራኩሯ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ይሄዳል። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ በእጇ ያሳደገችውን ነገር እሱ በእጁ ይዞ እንዲሄድ ትፈልጋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ፊቷ ግን ምስጢር መያዝ አያውቅበትም።

የመንኮራኩሯ አዛዥ ካፒቴን ትብለጽ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ቀጠን ያሉ፣ ቃላቸውን የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከኋላቸው የከተማዋ የጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮን ኦብሳ ቦርሳውን አንግቶ ገባ፤ ጎሳዬም ተከተለ።

"እንጀምር" አሉ ካፒቴኗ፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ከተው።

ስንዱ የብረት ክንዱን ቀሰቀሰችው። ክንዱ ራኬት ይዞ ኳስ ይመታል፤ ግድግዳው ላይ የተተከሉት ካሜራዎች ደግሞ ይለካሉ። በሙጭጭ ጀመረች። ክንዱ ራኬቱን በፊቱ ደፋው፤ ኳሷ እንደ መዥገር ተጣብቃ ቀረች። ኳስ በመያዝ እሱን የሚደርስበት የለም። ወንጭፍ ሲመታ ደግሞ ኳሷ ጨርሶ አልታየችም፤ የታየው ግድግዳው ላይ የተወችው ምልክት ነው። እንዝርት ግን አይቸኩልም። ኳሷን ለቅጽበት እቅፍ ያደርጋትና አሽከርክሮ ይሸኛታል። ኳሷ ጠረጴዛውን ስትነካ እንደ ጅራፍ ወደ ጎን ተጠምዝዛ፣ ዳር ቆሞ የነበረውን ኦብሳን ጉልበቱ ላይ አገኘችው።

"ይሄማ ጉድ ነው!" አለ ኦብሳ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ደስ ብሎት።

ስንዱ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

"የብረት ክንድ ይዤ አልሄድም" አሉ ካፒቴን ትብለጽ። "ይዤ የምሄደው ሰው ነው። በሰው እጅ ልየው። ሻምፒዮኑ ከወንድምሽ ጋር ይጫወት።"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለ ጎሳዬ። "ገና ሳልነሳ ልታስገድሉኝ ነው?"

እውነቱን ነው። ጎሳዬ ቧንቧ ሲጠግን እጁ ተአምር ይሠራል፤ ራኬት ሲይዝ ግን ያው እጅ የሌላ ሰው ይሆናል። በሁለቱም ራኬቶች ላይ መጀመሪያ ሙጭጭን ለጠፉና ተጫወቱ፤ ተሸነፈ። በወንጭፍ ሲሆን ደግሞ ኳሷን ያገኛት በግንባሩ ነው። ካፒቴኗ እንኳ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ።

ከዚያ እንዝርት ገባ። ኦብሳ መታ፤ ኳሷ መጥታ የጎሳዬ ራኬት መሃል ላይ አረፈች። ጎሳዬ መለሰ። ኦብሳ ጥጉ ላይ አነጣጠረ፤ ኳሷ ጥጉን ትታ ተጠመዘዘችና ጎሳዬን ፈልጋ አገኘችው። ሻምፒዮኑ ደም ሥሩ ተገተረ። ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያሳርፋት ላስቲኩ ለስለስ አለና ኳሷን እንደ ተከበረች እንግዳ በቀስታ ሸኛት። ጎሳዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመታም ኳሷ ኦብሳ እጅ ላይ ሄዳ አረፈች። መታ፤ ተመለሰች። ደግሞ መታ፤ አሁንም ተመለሰች። አንድ ነጥብ የሚያገኝ ጠፋ።

"ስንዱ፣ ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?" አለ ኦብሳ እያለከለከ።

"ነጥብ የማይቆጠርበት ላስቲክ ምን ይረባል?" አሉ ካፒቴኗ። "በብረት ላይ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ተበላሽቷል። ወንጭፍን ብንጭን ይሻላል።"

ለስንዱ ወንድሟ የድሬዳዋን ላስቲክ ይዞ፣ በየቀኑ ግንባሩን እየተመታ ስምንት ዓመት ሲጓዝ ታያት።

"ካፒቴን፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አለች። እንዝርትን ወደ ብረት ክንዱ መለሰችው። እዚያ ላይ ምንም አልሆነም፤ እንደ በፊቱ አሽከርክሮ ኳሷን ጠመዘዛት። ኦብሳ በዚህኛው ጊዜ ቀድሞ ሸሽቷል። በብረት እጅ ጤነኛ፣ በሰው እጅ በሽተኛ! ሰው ያለው፣ ብረት የሌለው ምንድን ነው? ስንዱ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ አፏን ይዛ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?" አሉ ካፒቴኗ።

"ያበላሸው ጎሳዬ ነው!"

"እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?" አለ ጎሳዬ።

የሕያው ላስቲክ ሥር እስከ ራኬቱ እጀታ ድረስ ይዘልቃል፤ የያዘውን ሰው የእጅ ላብ ይቀምሳል። ደስ ያለው እጅ ላብ ይጥመዋል፣ የተከፋው ይመረዋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚጥመውን የሚያመጣለትን ነገር ይለምዳል። ስንዱ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ያላሰበችው ያሳደገችበትን ቦታ ነው። ላስቲኩ የሰው እጅ እንዲለምድ ብላ በየማታው ከሥራ ስትወጣ ከጎሳዬ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የመንገድ ዳር ጠረጴዛ ትወስደው ነበር። እዚያ ሕጉ አንድ ነው። አሸናፊ ይቆያል፣ ተሸናፊ ቦታውን ለባለ ተራ ይለቃል። ሁልጊዜ የሚሸነፈው ጎሳዬ ደግሞ መላ ዘየደ። ማሟሟቅ! ገና እያሟሟቀ ነው የተባለ ሰው ነጥብ አይቆጠርበትም፤ ነጥብ ያልተቆጠረበትን ደግሞ ማንም አያስነሳውም።

"ትዝ ይልሃል?" አለችው። "ባለ ተራዎቹ 'በቃ፣ ሞቃችሁ እኮ፣ ልትቃጠሉ ነው!' ሲሉህ?"

"ክርኔ በእውነት አይሞቅም ነበር" አለ ጎሳዬ፣ ዓይን ባወጣ ድርቅና።

"ሲያሟሙቁ አንዱ ለሌላው እንዲመቸው አድርጎ ነው የሚመታው" አለች ስንዱ ወደ ካፒቴኗ ዞራ። "እንዝርት እድሜውን ሙሉ ያየው ማሟሟቅ ነው። ጨዋታው እሱ መስሎታል።"

"መድኃኒት አለው?"

"ጓንት። ላብ ካልቀመሰ እንደ ብረቱ ክንድ ይሆናል።"

ሁለቱ ተጫዋቾች ስስ ጓንት አጠለቁ። እውነትም እንዝርት ሌላ ሆነ። ኳሷ ስትጠማዘዝ ጎሳዬ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየሩን ሲቀዝፍ ቆይቶ በክብር ተሸነፈ። ካፒቴን ትብለጽ የካሜራዎቹን ልኬት ተመለከቱ። ኳስ በመያዝ ከሙጭጭ ትንሽ ያንሳል፤ በፍጥነት ወንጭፍ ይበልጠዋል፤ በማሽከርከር ግን አጠገቡ የሚደርስ የለም፤ ለጀማሪም ለሻምፒዮንም ይታዘዛል።

"ይሄ ይጫናል" አሉ። "ከነጓንቱ።"

ስንዱ ወንድሟን አንገቱን አቅፋ ከመሬት ልታነሳው ታገለች፤ አልቻለችም፤ እሱ አነሳት። ደስታው እንባም ቀላቅሎባት ነበር፤ ስምንት ዓመት ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ ፊቷን አብሳ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ ለጉዞው የሚሆነውን የስኳር ውሃ ማዘጋጀት ጀመረች።

ጥቂት እንደቆየች ከኋላዋ የኳስ ድምፅ ሰማች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ። ዞር አለች። ኦብሳ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጥሎታል። ጎሳዬም አውልቋል። ፈተናው አልቋል፤ የሚለካ ካሜራ የለም፣ የሚያስገድድም የለም። ወንጭፍ የለበሰው ራኬት ሻምፒዮኑ እጁን ቢዘረጋ የሚያገኘው ቦታ ተቀምጧል። እሱ ግን እንዝርትን በባዶ እጁ ይዞ ከከተማው ደካማ ተጫዋች ጋር ኳስ እየተቀባበለ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ኳሷ አምልጣ ስትወድቅ ሁለቱም ሊያነሷት ጎንበስ ብለው ራስ ለራስ ተጋጩና እንደገና ሳቁ።

ካፒቴን ትብለጽ ጠጋ ብለው ቆመው ያዩአቸዋል።

"አንተ ሻምፒዮን" አሉ በመጨረሻ። "ማሸነፍ አትፈልግም እንዴ?"

"እፈልጋለሁ እንጂ፣ ካፒቴን! ማሸነፍ የማይፈልግ ማን አለ?" አለ ኦብሳ፣ ኳሷን ለጎሳዬ አመቻችቶ እየመለሰ።

ስንዱ ማንጠባጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ላስቲኩን ልታሳድግ ስትነሳ የመንገድ ዳሩን ጠረጴዛ ተጫዋቾች ምን ዓይነት ላስቲክ እንደሚፈልጉ ጠይቃ ነበር፤ ሁሉም የሚያሸንፍ ነበር ያሉት። አንድም አልዋሸም፤ እንደዚያ መስሏቸው ነው። እንዝርት ግን ጆሮ የለውም፤ ያሉትን አልሰማም። እሱ የቀመሰው እጃቸውን ነው።

ካፒቴኗ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና መዳፋቸውን ትክ ብለው ተመለከቱት።